የመቺው አኃዝና የባልንጀሮቹ ሚዛን



ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ ስለ ቤዝቦል ጨዋታ ልናገር መነሣቴ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ነገር ሆኖ ሊታያችሁ ይችል ይሆናል፤ ነገር ግን በዚህ በዋሺንግተንና በዙሪያዋ የሚያድጉት ልጆቻችን የጨዋታውን ሥርዓት ከእኛ ይልቅ አጣርተው የሚያውቁት ስለ ሆነ፥ ከዚህም በላይ ይህ ጨዋታ የእያንዳንዱን ተጫዋች ሥራ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ በመዝገብ እየጻፈ ለትውልድ ሲያስተላልፍ የኖረ በመሆኑ፥ ሰው ሰውን በአኃዝ እንዴት እንደሚመዝን፥ ሚዛኑም መቼ ሳይታወቀው እንደሚያዳላ ለመመርመር ለሚወድ ሁሉ ከዚህ የበለጠ የምርምር መስክ በቀላሉ የሚገኝ አይመስለኝም። የምጠቅሳቸው ዓመታትና ቀናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አስታውቃለሁ።

ጨዋታውን ለማታዘወትሩት መሠረቱን በአጭሩ ላስረዳ። ወርዋሪው ከአፈር ጕብታ ላይ ቆሞ ኳሱን ይወረውራል፤ መቺውም በትሩን አንሥቶ ይጠብቀዋል፤ ኳሱን መትቶ ተቃራኒዎቹ ሳይቀልቡትና ሳይቀድሙት ወደ መጀመሪያው ማረፊያ በደኅና የደረሰ እንደ ሆነ አንድ የተሳካ ምት ይጻፍለታል። በዓመቱ ውስጥ ያገኛቸው የተሳኩ ምቶች ለመምቻ ተራዎቹ ቍጥር ሲካፈሉ የሚወጣው አኃዝ የመቺው አማካይ ይባላል፤ ይኸውም ከሺህ እየተሰላ በሦስት አኃዝ የሚጻፍ ስለ ሆነ፥ 300 የመታ ሰው ከደኅና መቺዎች ጋር ይቈጠራል፤ 400 የመታ ግን በሁለቱ ታላላቅ ሊጎች፥ በአሜሪካን ሊግና በናሽናል ሊግ፥ ከ1941 ወዲህ ከቶ አልታየም። ይህ ሁሉ በመዝገብ ሊቀመጥ የቻለው ሄንሪ ቻድዊክ የተባለው በእንግሊዝ አገር በኤክሰተር ከተማ በ1824 ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የተሻገረ ጋዜጠኛ፥ ከክሪኬት ጨዋታ በወሰደው ልማድ፥ የእያንዳንዱን ጨዋታ ውጤት በሠንጠረዥ እያሰናዳ በጋዜጣ ማውጣትን ስላስፋፋ ነው።

አሁን ሁለት ሰዎችን ጎን ለጎን ላቁምላችሁ። አንደኛው በ1898 በአትላንታ የተወለደው የኒው ዮርክ ጃያንትስ ተጫዋች ቢል ቴሪ ነው፤ በ1930 ዓመት 633 ጊዜ ለመምታት ቆሞ 254 ጊዜ ስለ ተሳካለት አማካዩ 401 ሆነ፤ ከእርሱም በኋላ በናሽናል ሊግ 400 የደረሰ አንድ ሰው እንኳ አልተነሣም። ሁለተኛው በኒው ዮርክ ግዛት በሎንግ አይላንድ ከድንች አምራች ገበሬ ቤት የተወለደው፥ የዘር ሐረጉ ከፖላንድ የሚመዘዘው የቦስተኑ ካርል ያስትረምስኪ ነው፤ በ1968 ዓመት 539 ጊዜ ቆሞ 162 ጊዜ መታ፤ አማካዩም 301 ሆኖ የአሜሪካን ሊግ የዓመቱ አሸናፊ መቺ ተባለ። በዚያ ዓመት በአሜሪካን ሊግ 300 የደረሰ ሰው እርሱ ብቻ ነበረ፤ ተከታዩ የኦክላንዱ ዳኒ ኬተር 290 ላይ ቆመ። ከ162ቱ ምቶች አንዲቱ ብቻ ብትጎድል ኖሮ የያስትረምስኪ አማካይ 299 ይሆንና፥ ሊጉ 300 የመታ አንድም ሰው የሌለበት ሆኖ በታሪክ ይጻፍ ነበር። እስከ ዛሬ ድረስ አሸናፊ ከተባሉት መቺዎች ሁሉ በዝቅተኛ አኃዝ ያሸነፈው ያስትረምስኪ ነው፤ ብዙ ሰዎችም ስሙን ከዚህ ዝቅተኛነት ጋር አያይዘው ሲያነሡት ይሰማል።

እኔ ግን ይህ አነጋገር የፍርድ ጕድለት ያለበት ነው እላለሁ፤ ምክንያቱንም ላቀርብ ነው።

በ1930 የናሽናል ሊግ ተጫዋቾች ሁሉ፥ ብርቱውም ደካማውም፥ በመምታት ሥራ የማይታወቁት ወርዋሪዎችም ሳይቀሩ፥ በአንድነት ሲደመሩ አማካያቸው 303 ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ፤ የዚያ ዓመት ማእከለኛ ሰው የመታው የ1968ቱ አሸናፊ ከመታው ይበልጣል። በ1968 ደግሞ የአሜሪካን ሊግ አማካይ 230 ብቻ ነበር። እንግዲህ 401ን ለ303 ብናካፍል ቴሪ ከባልንጀሮቹ በመቶ 32 ያህል በልጦ እናገኘዋለን፤ 301ን ለ230 ብናካፍል ያስትረምስኪ ከባልንጀሮቹ በመቶ 31 ያህል በልጦ እናገኘዋለን። በመዝገብ ላይ የመቶ ነጥብ ልዩነት ሆኖ ሰማይና ምድር ያህል ተራርቆ ይታይ የነበረው ነገር፥ እያንዳንዱ ሰው ከዘመኑ ሰዎች ጋር በተመዘነ ጊዜ ወደ አንድ መቶኛ ዝቅ አለ። በቀድሞው ዘመን በአገራችን የአንዱ አውራጃ ቍና ከሌላው አውራጃ ቍና ይበልጥ ወይም ያንስ ስለ ነበረ፥ አስተዋይ ነጋዴ «ስንት ቍና ነው?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት «በየትኛው አገር ቍና?» ብሎ ይጠይቅ ነበር፤ የቤዝቦል መዝገብ አንባቢም እንዲሁ «በየትኛው ዓመት?» ብሎ ካልጠየቀ የያዘው አኃዝ ምን ያህል እንደሚመዝን አያውቅም።

የዓመታቱ ቍና ለምን ይህን ያህል ተለያየ ያልን እንደ ሆነ፥ ምክንያቱ በሰዎቹ ክንድ ላይ ብቻ የሚገኝ ሆኖ አይታይም። በ1930 የተሠራው ኳስ ሲመታ እጅግ የሚፈናጠር፥ ስፌቱም ዝቅ ያለ ስለ ነበረ ወርዋሪዎቹ እንደ ልባቸው ሊያጣምሙት አልቻሉም። የዚያ ዘመን ነገር ምን ያህል ከልክ ያለፈ እንደ ነበረ ለማወቅ የፊላደልፊያን ቡድን መመልከት ይበቃል፤ የቡድኑ አማካይ 315 ሆኖ ሳለ፥ ይህም በዛሬው ዘመን አንዱን ተጫዋች ብቻውን የሚያስከብር አኃዝ ሆኖ ሳለ፥ 52 ጊዜ አሸንፎ 102 ጊዜ በመሸነፍ የሊጉ መጨረሻ ሆነ፤ እነርሱ የመቱትን ያህል፥ ከዚያም ይበልጥ፥ ተቃራኒዎቻቸው ይመቱባቸው ነበርና። በሚከተለው ዓመት ናሽናል ሊግ የኳሱን ሽፋን አወፍሮ ስፌቱንም ከፍ ቢያደርገው የሊጉ አማካይ በአንድ ጊዜ ከ303 ወደ 277 ወረደ፤ የቴሪም አማካይ አብሮ ወደ 349 ወረደ። ቴሪ በአንድ ክረምት ውስጥ ጥበቡን ረሳው ለማለት የሚደፍር ማን ነው? የወረደው ባሕሩ ነው፤ መርከቡም አብሮ ወረደ።

የ1968 ነገር ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። ከ1963 ጀምሮ ዳኞች ትክክለኛ ብለው የሚቀበሉት የውርወራ ስፋት ከትከሻ አናት እስከ ጕልበት ግርጌ ድረስ እንዲሆን ስለ ተደነገገ፥ ወርዋሪው የሚቆምበትም ጕብታ እስከ 15 ኢንች፥ ማለት እስከ 38 ሳንቲ ሜትር ድረስ ከፍ እንዲል የተፈቀደ ስለ ነበረ፥ ወርዋሪዎቹ በመቺዎቹ ላይ ሠለጠኑ። በናሽናል ሊግ የሴይንት ሉዊሱ ቦብ ጊብሰን በዘጠኝ ዙር አማካይ 1.12 ነጥብ ብቻ እየተቈጠረበት ዓመቱን ፈጸመ። የጨዋታው አስተዳዳሪዎችም መቺዎቹ እንደ ተጨነቁ አይተው በ1969 ጕብታውን ወደ 10 ኢንች ዝቅ አደረጉት፥ የውርወራውንም ስፋት አጠበቡት፤ የአሜሪካን ሊግም አማካይ ወደ 246 ከፍ አለ። በዚህ ቦታ እውነቱን ሳልሸሽግ ልናገር የሚገባኝ ነገር አለ፤ የሊጉ አማካይ ከፍ ባለበት በዚያ ዓመት ያስትረምስኪ ራሱ ወደ 255 ወርዷል፤ ይሁን እንጂ 40 ጊዜ ኳሱን ከአጥር ውጭ አውጥቶ ሆም ራን መትቷል። አንድ ሰው ከዘመኑ ጋር ሁልጊዜ እኩል አይወጣም፥ እኩልም አይወርድም፤ የሊጉም አማካይ ጥቅሙ ይህን የግል መውጣትና መውረድ ከወል መውጣትና መውረድ ለይቶ ማሳየቱ ነው። በዚያ በአስጨናቂው በ1968 ዓመት እዚሁ በዋሺንግተን ይጫወት የነበረው ፍራንክ ሀዋርድ 44 ሆም ራን መትቶ የሁለቱም ሊጎች ቀዳሚ እንደ ነበረ፥ የዚህች ከተማ ሽማግሌዎች ዛሬም ሲያነሡት መስማት ደስ ያሰኛል።

እስከ አሁን የተናገርኩት ስለ አንድ አንድ ዓመት ነው። የሰውን ሙሉ የጨዋታ ዕድሜ መመዘን ግን ከዚህ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ረዥም ዕድሜ ያለው ተጫዋች በብዙ ቍናዎች ተሰፍሯል። ያስትረምስኪ ከ1961 እስከ 1983 ድረስ 23 ዓመት ሙሉ ለአንድ ቡድን ሲጫወት፥ የአሜሪካን ሊግ አማካይ አንድ ጊዜ እስከ 230 ወረደ፥ አንድ ጊዜም እስከ 270 ወጣ። ስለዚህ የዕድሜ ልኩን አማካይ፥ ይኸውም 285ን፥ ይዞ ከአንድ የተወሰነ አኃዝ ጋር ማነጻጸር ስሕተት ነው፤ ትክክለኛው መንገድ የየዓመቱን የሊግ አማካይ ወስዶ ሰውየው በዚያ ዓመት በቆመባቸው ተራዎች ቍጥር ማባዛት፥ የተባዛውን ሁሉ ደምሮ ለጠቅላላው ተራ ማካፈል፥ በዚህም በእርሱ ቦታ ማእከለኛ ሰው ቆሞ ቢሆን ኖሮ ምን ያህል ይመታ እንደ ነበር ማወቅ ነው። ሥራው አድካሚ ነው፤ ነገር ግን ብዙ የመታበትን ዓመት ከጥቂቱ ሳይለይ በአንድ ዓይን የሚያይ ሰው የሚደርስበት ፍርድ ትክክል ሊሆን አይችልም።

ከዚህም ጋር አንድ የተሰወረ ወጥመድ አለ። እስከ 1972 ድረስ በአሜሪካን ሊግ ወርዋሪዎችም በተራቸው ይመቱ ስለ ነበረ፥ የሊጉን አማካይ ወደ ታች ይስቡት ነበር፤ ከ1973 ጀምሮ ግን በወርዋሪው ፈንታ የሚመታ ሌላ ሰው እንዲቆም ተፈቀደ። እንግዲህ ያስትረምስኪ በወጣትነቱ ከወርዋሪዎችም ጋር ተደምሮ ከተሰላ አማካይ ጋር ሲመዘን፥ በሽምግልናው ጊዜ ግን ከእውነተኛ መቺዎች ጋር ብቻ ተመዘነ ማለት ነው፤ ክንዱ በደከመበት ዕድሜ ሚዛኑ ከበደበት።

የቴሪና የያስትረምስኪ የዕድሜ ልክ አማካይ እንደ ወረደ ሲነበብ 341 እና 285 ነው፤ የ56 ነጥብ ልዩነት ማለት ነው። በዚህ ላይ ሁለት ነገሮች መታየት አለባቸው። አንደኛው፥ አማካይ የሚባለው አኃዝ መቺው በአራት የተሳሳቱ ውርወራዎች ምክንያት ያለ ምት ወደ ማረፊያው የሄደበትን ጊዜ ፈጽሞ አይቈጥርም፤ ተራ ምትንና ሆም ራንንም አይለይም። ያስትረምስኪ በዕድሜው 1,845 ጊዜ በትዕግሥት ቆሞ እንዲህ በነጻ ያለፈ ሰው ነው፤ 452 ሆም ራንም መትቷል፤ ቴሪ በነጻ ያለፈው 537 ጊዜ፥ ሆም ራኑም 154 ነበር። ፒት ፓልመር የተባለው የስታቲስቲክስ ሊቅ ይህን ተመልክቶ ወደ ማረፊያ የመድረስን ችሎታና የምትን ኃይል በአንድነት ደምሮ፥ የዘመኑንና የሜዳውን ጠባይ አስተካክሎ፥ የሊጉን ማእከለኛ ሰው 100 ብሎ የሚመዝን መስፈርት አወጣ፤ በዚህ መስፈርት ቴሪ 136፥ ያስትረምስኪ ደግሞ 130 ይመዝናሉ። ሁለተኛው፥ ቴሪ በ14 ዓመት ውስጥ 1,721 ጨዋታ ተጫውቶ ገና ደኅና እየመታ ሳለ ሲተው፥ ያስትረምስኪ እስከ 44 ዓመቱ ድረስ 3,308 ጨዋታ ተጫውቷል፤ የመጨረሻዎቹ ደካማ ዓመታትም ከወጣትነቱ ዓመታት ጋር አብረው ተደምረውበታል። እኔ ሁለቱን አስተያይቼ የምሰጠው ፍርድ፥ ቴሪ በእያንዳንዱ ተራ በጥቂቱ ይበልጣል፥ ለቡድን የተበረከተ ሥራ ሲቈጠር ግን ያስትረምስኪ በብዙ ይበልጣል የሚል ነው።

ሜዳውም መረሳት የለበትም። የቦስተኑ ፌንዌይ ሜዳ በግራ በኩል 11 ሜትር ከፍታ ያለው፥ ለመቺውም ቅርብ የሆነ አረንጓዴ ግንብ ስላለው ለመቺዎች የተመቸ ነው፤ ያስትረምስኪም በቤቱ ሜዳ የመታው በሰው ሜዳ ከመታው በእጅጉ ይበልጣል። ዘመኑ ያጎደለበትን ልንመልስለት ከፈለግን፥ ሜዳው የጨመረለትንም ልንቀንስበት ግድ ነው፤ አኃዙ 130 የሆነው ይህ ሁሉ ከተቀነሰ በኋላ ነው።

ቴድ ዊልያምስን ሳላነሣ ባልፍ ግን ዲስኩሬ ጎደሎ ይሆናል፤ ያስትረምስኪ በቦስተን የወረሰው የእርሱን ቦታ ነበርና። ዊልያምስ በመስከረም 28 ቀን 1941 ጥዋት 448 ጊዜ ቆሞ 179 ጊዜ መትቶ ነበር፤ ይህም ሲካፈል 0.39955 ስለሚሆን ከፍ ተደርጎ 400 ተብሎ ሊጻፍለት ይችል ነበር። አሠልጣኙ ጆ ክሮኒን ከፈለገ በዚያ የመጨረሻ ቀን እንዲቀመጥ ፈቅዶለት ሳለ፥ ዊልያምስ ግን በፊላደልፊያ ሁለቱንም ጨዋታዎች ተጫውቶ ከስምንት ተራ ስድስቱን መታና በ406 ፈጸመ። የሊጉ አማካይ በዚያ ዓመት 266 ስለ ነበረ ከባልንጀሮቹ ከግማሽ በላይ ልቆ ነበር ማለት ነው፤ ከቴሪም ከያስትረምስኪም ጋር በአንድ ሚዛን ቢቀመጥ ሁለቱንም ያነሣቸዋል። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው ከዚያ ወዲህ ለምን ጠፋ? የሃርቫርዱ የተፈጥሮ ታሪክ ሊቅ ስቴፈን ጄይ ጉልድ በ1996 ባወጣው መጽሐፍ እንዳስረዳው፥ በመቶ ዓመት ውስጥ የሊጉ አማካይ አንዳንድ ጊዜ ቢናወጥም ከ260 አካባቢ ብዙ አልራቀም፤ እየጠበበ የሄደው በሰዎቹ መካከል ያለው ርቀት ነው። ድሮ ደካማ ወርዋሪና ደካማ ተከላካይ ብዙ ስለ ነበረ ብርቱው በእነርሱ ላይ ይረማመድ ነበር፤ የማእከለኛው ሰው ችሎታ እያደገ፥ ወደ ሰው ልጅ ችሎታ ወሰን እየቀረበ በሄደ መጠን ግን ከእርሱ እጅግ ርቆ መታየት እየከበደ ሄደ። ይህን ሐሳብ ባነበብኩ ቍጥር እውነትነቱ እየበረታብኝ ይሄዳል፤ ስማቸው የማይነሣውን የማእከለኞቹን ሰዎች ድካም ከፍ አድርጎ የሚያከብር ነውና።

ማእከለኛው ሰው ማን እንደ ሆነ ግን አስቀድሞ የሚወስነው ወደ ሊጉ እንዲገባ የተፈቀደለት ማን ነው የሚለው ጥያቄ ነው። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የመዝገቡ ቀዳሚ የነበረው ታይ ኮብ 367 የሆነውን የዕድሜ ልክ አማካዩን ሲያከማች፥ ቴሪም ዊልያምስም ስመ ጥር ያደረጓቸውን እነዚያን አኃዞች ሲያገኙ፥ በሁለቱ ሊጎች ውስጥ አንድም ጥቁር ተጫዋች አልነበረም፤ እንዳይገባ ተከልክሎ ነበርና። ጥቁሮቹ በራሳቸው ሊጎች ይጫወቱ ነበር፤ ከእነርሱም መካከል የፒትስበርጉ ጆሽ ጊብሰን ከሁሉ የገነነ መቺ ነበር። እርሱም በጥር ወር 1947 በ35 ዓመቱ ሞተ፤ ጃኪ ሮቢንሰን የዘሩን አጥር ጥሶ በብሩክሊን ማልያ የተሰለፈው ከዚያ በኋላ በሦስተኛው ወር፥ በሚያዝያ 15 ቀን ነው። ሦስት ወር! ይህን ባሰብኩ ጊዜ ሁሉ ልቤ ያዝናል።

በ2020 መጨረሻ የቤዝቦል አስተዳደር ከ1920 እስከ 1948 የነበሩትን ሰባቱን የጥቁሮች ሊጎች ከታላላቅ ሊጎች ጋር እኩል ናቸው ብሎ ዐወጀ፤ በግንቦት 2024ም አኃዛቸውን በዋናው መዝገብ ውስጥ ባገባ ጊዜ የጊብሰን የዕድሜ ልክ አማካይ 372 ሆኖ ኮብን ቀደመ። አንዳንዶች ይህን ሰምተው የጊብሰን ተራዎች ጥቂት ናቸው፥ የተቃራኒዎቹም ብርታት አይታወቅም ብለው ተከራከሩ። ስለ ተራዎቹ ማነስ የተናገሩት እውነት ነው፤ ኮብ ከ11,000 ጊዜ በላይ ሲቆም በመዝገብ የተገኘው የጊብሰን ተራ ከ3,000 ያነሰ ነው፤ የጥቁሮች ቡድኖች ገቢ ለማግኘት ከሊግ ውጭ እየተዘዋወሩ እጅግ ብዙ ጨዋታ ይጫወቱ ስለ ነበረ በሊግ የሚቈጠርላቸው ጥቂቱ ብቻ ነበርና። ስለ ተቃራኒዎቹ ብርታት የሚነሣው ጥያቄ ግን ወደ ሁለቱም ወገን የሚዞር ነው፤ ጊብሰን ከነጮቹ ወርዋሪዎች ጋር በሊግ ጨዋታ ካልተገናኘ ኮብም እንደ ሳቸል ፔጅ ካሉት ጥቁር ወርዋሪዎች ጋር በሊግ ጨዋታ አልተገናኘም፤ የኮብ ባልንጀሮች አማካይም ቢሆን ከሕዝቡ ከፊሉ ተከልሎ የተሰላ አማካይ ነው። እንግዲህ አንዱን ጎደሎ ሚዛን ሙሉ አድርጎ ሌላውን ብቻ ጎደሎ ማለት በእኔ አስተያየት ተቀባይነት የለውም።

ለጊብሰን የሚገባው ምዘናም ለቴሪና ለያስትረምስኪ ያደረግነው ያው ምዘና ነው፤ በየዓመቱ የሊጉን አማካይ ማውጣትና ከእርሱ ጋር ማነጻጸር። ይህ ደግሞ የሚቻለው የጊብሰን ብቻ ሳይሆን የባልንጀሮቹ ሁሉ ተራና ምት ሲገኝ ነው። ጥቂት ትጉሃን ተመራማሪዎች ለብዙ ዓመታት የጥቁር ሕዝብ ጋዜጦችን በየቤተ መጻሕፍቱ እያገላበጡ፥ አንዳንዱም የደበዘዘ አንዳንዱም የተቀደደ ሆኖ ሳለ፥ የጨዋታ ሠንጠረዦቹን አንድ በአንድ እየገለበጡ የሰበሰቡት ይህንኑ ነው፤ እስከ 2024 ድረስ የተገኘውም ከጠቅላላው ወደ ሦስት አራተኛው የሚጠጋ ነበር። የቀረው በተገኘ ቍጥር የጊብሰንም አኃዝ፥ በእርሱ ዘመን የነበሩት የባልንጀሮቹም አማካይ አብረው እየታረሙ ይሄዳሉ።